ዐሥራ አምስተኛዋ፤ የወይዘሮ ወለተሰንበት ገብረጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ወለተሰንበት ገብረጊዮርጊስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሥላሴ በቡልጋ በ1866 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩ ሰኔ ነው የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ ተሳስተዋል። ጥቅምት መጨረሻ ነው። እናታቸው ገብስ ሲያጭዱ ምጥ እንደያዛቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩ ኖረዋል፤ በሰኔ የሚታጨድ ገብስ ደግሞ የለም። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። በሦስት ዓመት የሚያንሷቸው አንዲት እህት አሏቸው፤ ወይዘሮ ወይንሀረግ ይባላሉ፤ ይህን ታሪክ ያጻፉትም እሳቸው ናቸው።

ትምህርት ቤት አልገቡም። በዘመናቸው ሴት ልጅን ፊደል ፊት የሚያስቀምጣት አልነበረም። ነገር ግን አባታቸው ጠዋት ጠዋት ዳዊት ሲደግሙ በጆሯቸው እየያዙ መቶ ኀምሳውንም በቃላቸው አወቁት። በልደታ ማርያም ደጅ ዳዊት የሚደግም ሰው አንድ ቃል ቢዘል፣ ‘ተመለስ፣ ዘለልክ’ ይሉት ነበር። የተመለሱት ሁሉ ዛሬ እዚህ ቆመዋል፤ ይመስክሩ።

በ1884 ዓ.ም. ከድንኳን ሰፊው ከአቶ ዓባይነህ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ባለቤታቸውን ተከትለው ወደ አዲስ አበባ መጡና እዚህ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ቤት ሠሩ። አቶ ዓባይነህ ድንኳን ዘርግተው የሚሰፉበት አዳራሽ ነበራቸው፤ ርዝመቱ ሃያ ስድስት ክንድ፣ መሐሉ ግድግዳ የሌለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ስድስት ልጆች ወልደው አራቱን ቀብረዋል፤ ሁለቱን፣ ጋሻውንና የሺሀረግን፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። አቶ ዓባይነህ በ1921 ዓ.ም. ዐረፉ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ሲበዛ ዝምተኛ። በሠላሳ ሰባት ዓመት ትዳር ወይዘሮ ወለተሰንበትን በክርክር የረቱት አንድ ቀን ብቻ ነው ይባላል፤ በምን እንደረቷቸው ግን ሁለቱም ሳይናገሩ ሄዱ።

በ1929 ዓ.ም. የካቲት በዚህ ከተማ የሆነውን እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ሰሞን በኋላ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ፣ ልጆቿ ወጥተው የቀሩባት አሮጊት፣ ከቃጠሎ የተረፈ ሰው በየአጥሩ ሥር ወድቆ ቀረ። የወይዘሮ ወለተሰንበት ልጅ ጋሻውም ያን ጊዜ ከቤት እንደወጡ ናቸው። ወይዘሮ ወለተሰንበት የመጀመሪያዋን አሮጊት አመድ ላይ ተቀምጣ አገኟት፤ ምንም ሳይጠይቁ እጇን ይዘው ወደ አዳራሹ አስገቧት። በሳምንቱ ሦስት ሆኑ፣ በዓመቱ አዳራሹ ሞላ። ምግቡ ከየት መጣ ለሚል፣ ከዚሁ ከሰፈሩ ነው የመጣው። የሰንበቴው ሴቶች ከየቤታቸው ያዋጡ ነበር። ባልቴቷ ነጋዴ ወይዘሮ ዘኪያ ደግሞ በየሳምንቱ ቆጮ በአህያ ጭነው ያመጡ ነበር። ‘የእስላም እህል ለክርስቲያን ሕሙም እንዴት ይሆናል?’ ያለ ሰው ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ራሱን ያውቃል። ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ ‘አንተ አምጣና የሷን እመልሳለሁ’ አሉት። እስከ ዛሬ አላመጣም።

በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቀያሾች መጡ። ከጌጃ ሰፈር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ድረስ ችካል ተከሉ፣ ገመድ ወጠሩ፣ በየደጃፉ በኖራ ቁጥር ጻፉ። ሊሠራ የታሰበው ምን እንደሆነ ለሰፈሩ ያስረዱት አስተርጓሚው አቶ ወልደ ሚካኤል ናቸው። ለጣሊያን ሠራተኞች አርባ ቤት ይሠራል፣ በአርባው ቤት መሐል ደግሞ ለእነሱው ሽማግሌዎችና በሽተኞች መጦሪያ የሚሆን ረጅም ቤት ይቆማል አሉ። ‘ታዲያ ይኸ ሁሉ ሰው የት ሊገባ ነው?’ ሲባሉ፣ ‘የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ይታያል፤ ውሳኔው እስኪወጣ ግን ጭቃ እንኳ መለጠፍ ክልክል ነው’ አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በቁሙ ታመመ። የሚፈርሰው የማን ቤት እንደሆነ ስለማይታወቅ ያረጀ ክዳን የሚቀይር፣ የዘመመ አጥር የሚያቀና ጠፋ። ሠርግ የቆረጠ ሠርጉን አዘገየ። ችካል የነቀለ ይቀጣል ስለተባለ፣ ልጆች እንዳይነቅሉት እናቶች ተራ ገብተው ይጠብቁ ነበር፤ የገዛ ቤታቸውን የሚያስፈርሰውን ችካል።

በኅዳር በየቤቱ ያለው ሰው ይቆጠራል ተባለ። ስህተቱ የተሠራው ይህን ጊዜ ነው፤ እንዳለ ይጻፍ። በቡልጋ ከብትም ሆነ ልጅ ቁጥሩ አይነገርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። ንጉሥ ዳዊት እንኳ ሕዝቡን ቢያስቆጥር ቸነፈር ወርዶ ሰባ ሺህ ሰው አልቋል። ‘እትዬ፣ ለዳዊት ያልበጀ ቆጠራ ለእርስዎ ድውያን ሊበጅ ነው?’ ያሉት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ወይንሀረግ ናቸው። ሌላ ሰው አይደለም።

ወይዘሮ ወለተሰንበት አመነቱ። ‘ሳይቆጠሩ ቢቀሩስ ነገ ምን ይመጣል?’ አሉ።

‘ምን ይመጣል? ምንም አይመጣም’ አሏቸው።

ኅዳር 14 ቀን ጠዋት ቆጣሪዎቹ ሳይደርሱ ዐሥራ ሰባቱም ሕሙማን ወደ ልደታ ማርያም ግቢ ተወሰዱ። መሄድ የሚችለው በምርኩዝ፣ የማይችለው በእንጨት ፈላጩ በአቶ ዋቅሹማ ጀርባ ነው የሄደው። አቶ ዋቅሹማ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰዋል። ቆጣሪው አዳራሹን ከፍቶ ቢያይ የተጠቀለለ ሰሌንና አንዲት ድመት እንጂ ሰው የለም። ‘ባዶ፤ ዕቃ ቤት’ ብሎ ጻፈና በሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎ ሄደ። ያን ቀን ሰፈሩ የሠርግ ያህል ሳቀ። ከሁሉም ይበልጥ የሳቁት፣ ምክሩ የራሳቸው መሆኑንም በየደጁ ያወሩት ወይዘሮ ወይንሀረግ ነበሩ።

ጥር 20 ቀን ከቀያሾቹ ጽሕፈት ቤት ወረቀት መጣ። አቶ ወልደ ሚካኤል አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆመው አነበቡት። ሰው የሚኖርበት ቤት የባለቤቱ ቃል ሳይሰማ አይፈርስም፣ ዕቃ ቤት ግን ያለ ምትክ ይፈርሳል ይላል። ከዚያ በታች አንድ ሌላ መስመር ነበረ፤ ከዐሥራ አምስት የማያንሱ ሕሙማን የሚጦሩበት ቤት ቢገኝ፣ ለሕሙማኑ ሌላ መጠለያ ሳይሰጥ ቤቱ አይነካም የሚል። አቶ ወልደ ሚካኤል እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ።

‘እስቲ ድገመው’ አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት። ደገሙት። ወደ እህታቸው ዞረው፣ ‘በኅዳር ስንት ነበሩ፣ ወይንሀረግ?’ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ወለተሰንበት ሰላም አላገኙም። የጭነት መኪና በቁልቁለቱ በወረደ ቁጥር ከተቀመጡበት ይነሣሉ። ውሻ ቢጮኽ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ብቅ ቢል፣ ‘መጡ?’ ነው ጥያቄያቸው። እህል ቀርቦላቸው እጃቸው ከገበታው ላይ ነው፣ ጆሯቸው ግን ደጅ። ሕሙማኑም ነገሩን ሰምተው ነበርና፣ ከመካከላቸው አንዷ አሮጊት የማታ ልብሷን ጠቅልላ በትራሷ ሥር አስቀመጠች፤ በድንገት ውጡ ቢሉኝ ባዶ እጄን እንዳልወጣ ብላ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ጥቅልሉን በየቀኑ ይፈቱታል፣ አሮጊቷም በየቀኑ መልሳ ታስረዋለች። ጎረቤቶች ‘ሕሙማኑን ሁለት ሁለት እያደረግን እንከፋፈላቸው’ ብለው ነበር። ግን የማን ቤት ይቆማል? የሁሉም ደጃፍ ላይ ኖራ አለበት።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ አራት ጊዜ በእግራቸው ሄዱ፤ ሦስቱን ጊዜ ደጅ ላይ ቆመው ውለው ተመለሱ። በአራተኛው የቀያሾቹ አለቃ፣ ጣሊያኑ መሐንዲስ፣ አስገብቶ ሰማቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የወረቀት ሰው ነበር። ‘በቤቱ ሰዎች አሉ’ ቢሉት መዝገቡን ገልጦ በጣቱ አሳያቸው።

‘ባዶ ነው የሚለው፣ እመቴ’ አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል።

‘ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቆጠራ ፈርቼ ደበቅኋቸው፤ በለው።’

አስተርጓሚው ጠጋ አሏቸው። ‘እመቴ፣ ይህን ብተረጉመው እኮ ያስርዎታል።’

‘የታሰረ ይፈታል። የፈረሰውን ማን ያቆመዋል? እንዳልኩህ ተርጉም።’

ተረጎሙት። መሐንዲሱ እርሳሱን አስቀመጠ። ከዚያም፣ መጋቢት 4 ቀን የሰፈሩ ጉዳይ እዚያው በቦታው ይታያል፣ ሰዎቹ ካሉ ያን ቀን ይቅረቡና ይቆጠሩ አለ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ምክሩ የእህታቸው እንደነበረ ለመሐንዲሱ አልተናገሩም። ኋላም ለማንም አልተናገሩም። ወይዘሮ ወይንሀረግን ግን ዝምታቸው ከስድብ ይልቅ አቃጠላቸው።

በመካከሉ ብርዱ ጠናና ከሕሙማኑ ሦስቱ ሞቱ። የተቆጠረ ይጎድላል ተብሎ ነበር፤ ሳይቆጠሩም ጎደሉ።

መጋቢት 4 ቀን ሰኞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ባለው ሜዳ ጠረጴዛ ቀረበ፣ ካርታ ተዘረጋ። ነፋሱ እንዳይወስደው በአራት ማዕዘኑ ድንጋይ ተጫነበት። ሰው በቁጥሩ እየተጠራ ስለ ቤቱ ይናገር ጀመር። አንዱ አለቀሰ። ሌላው ግንድ የሚያህል የአጥሩን ምሰሶ ነቅሎ ተሸክሞ መጣ፤ ቤቴ ጠንካራ መሆኑን እዩ ለማለት። የጎረቤቴ ቤት ይፍረስና የኔ ይቅር ያለም አለ፤ ጎረቤቱ ከኋላው ቆሞ ይሰማው ነበር፣ ዛሬም አይነጋገሩም። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ሲጠሩ ከኋላቸው ቃሬዛው፣ ምርኩዙ፣ ተነቅሎ እንደ አልጋ የተያዘ በር ተከተለ። ሕሙማኑ ሰሌን ላይ በተርታ ተቀመጡ። መሐንዲሱ በእርሳሱ እየጠቆመ ቆጠራቸው። ሰዉ ሁሉ በሆዱ አብሮት ይቆጥር ነበር።

‘ዐሥራ አራት’ አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል። ዝቅ ብለውም፣ ‘አንድ ጎደለ፣ እመቴ’ አሉ።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ከቆሙበት ሄደው ከሰሌኑ ጫፍ ተቀመጡ። ‘ዐሥራ አምስት በል’ አሉ።

‘እርስዎማ የቤቱ ባለቤት ነዎት።’

‘ባለቤት አይታመምም ያለህ ማነው?’

ይህን ብለው ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። አንገታቸውን እንኳ በአደባባይ የማያሳዩ ሴት ነበሩ። ከግራ ጉልበታቸው በታች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የወረደ ቁስል ነበረባቸው። በዚያ የካቲት ከሚቃጠል ቤት ሰው ሲያወጡ የወደቀባቸው ወጋግራ ነው ያቆሰላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሽርላቸው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቀሚሳቸውን አስረዝመው የሌላውን ቁስል ሲያጥቡ ኖረዋል። አብረዋቸው የሚኖሩት እህታቸው እንኳ ነገሩን ያወቁት ሴቶቹ እሪ ሲሉ ነው።

መሐንዲሱ ፊቱን አዞረ፤ ግን ዐሥራ አምስት ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም፣ ይህ ገና ውሳኔ አይደለም አለ። ሚያዝያ 30 ቀን ከሐኪም ጋር ተመልሶ ይመጣል፤ ሐኪሙ ሕመምተኞቹን አንድ በአንድ ያያል። ያን ቀን ዐሥራ አምስት ከሞሉ ቤቱ ይቆያል፣ ካልሞሉ ግን በማግሥቱ ይፈርሳል። ማግሥቱ ግንቦት ልደታ ነው።

ኀምሳ ስድስት ቀን ቀጠሮ ነበር። ወይዘሮ ወለተሰንበት በየጠዋቱ እየዞሩ የያንዳንዱን ትንፋሽ በእጃቸው ጀርባ ይለኩ ነበር። አንዱ ቢያስል ሥራቸውን ትተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ‘ከሚያዝያ ሠላሳ በፊት ማንም እንዳይሞትብኝ!’ ብለው ይቆጣሉ። ግማሽ ጎናቸው የማይንቀሳቀሰው አቶ ዱጉማ፣ ‘እሺ እመቴ፣ መልአከ ሞት ሲመጣ ቀጠሮ አለን እንለዋለን’ ሲሏቸው አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። እሳቸው ግን አይስቁም፤ የአቶ ዱጉማን ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ያለብሱና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አጥሚቱን ለሌላው እየሰጡ እሳቸው በቆሎ ቆርጥመው ያድራሉ፤ ንጹሕ ጨርቅ ሲገኝም የራሳቸውን ቁስል ትተው የሌላውን ያስሩበታል።

እህታቸው፣ ‘እትዬ፣ እርስዎም ተቆጥረዋል እኮ፤ ራስዎንም ይጠብቁ እንጂ’ ቢሏቸው፣ ‘እኔ ማሟያ ነኝ’ ብለው መለሱ።

ከፋሲካ በኋላ ቁስሉ ጠቆረ፣ ትኩሳትም ያዛቸው። ጠበል ተጠመቁ፣ የአገር መድኃኒት ተደረገላቸው፤ አልተመለሰም። ሐኪም ይጠራ ሲባሉ፣ ‘ቀጠሮው ደርሶ የለም እንዴ፣ ሰኞ ያየኛል’ አሉ። ዐርብ ሚያዝያ 27 ቀን 1931 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው፣ በዚያው አዳራሽ ውስጥ ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት እህታቸውን ጠርተው፣ ‘ስንት ነን?’ አሉ።

‘ዐሥራ አምስት’ አሏቸው።

‘እኔን አውጪና ቁጠሪ’ አሉ።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ገብረጊዮርጊስ ያሉበትን እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቀው የአቶ ጋሻው ዓባይነህና የወይዘሮ የሺሀረግ ዓባይነህ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት፣ የወይዘሮ ወይንሀረግ እህት፣ የዐሥራ አራት ሕሙማን ጧሪ ነበሩ። ዐሥራ አራቱም እንዳዘዟቸው በሕይወት አሉ።

ከትናንት ጀምሮ በለቅሶው መሐል ሹክሹክታ አለ። ከጤነኛው አንዱ ሰኞ ሰሌን ላይ ይተኛና ቁጥሩ ይሙላ እየተባለ ነው። ወይዘሮ ዘኪያ፣ ‘እኔ ልተኛ፣ ማቃሰት አያቅተኝም’ ብለዋል። አቶ ዋቅሹማም፣ ‘እጄን በመጥረቢያ ልምታ’ እስከ ማለት ደርሰዋል። በደግነት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን የሚመጣው ሐኪም ነው። አንድ አስመሳይ ቢያገኝ ዐሥራ አራቱንም አስመሳይ ብሎ ይጽፋቸዋል። አንድ ጊዜ በብልጠት ተመክሮ የመጣው መጥቷል፤ ሁለተኛ ብልጠት ይቅር።

ስለዚህ እውነቱ በእህታቸው አስከሬን ፊት ይነበብ። የወይዘሮ ወይንሀረግ ገብረጊዮርጊስ ዓይን ከጠፋ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል። ግራው ፈጽሞ አያይም፣ ቀኙ ከጥላ በቀር አይለይም። የእህታቸውን ቁስል አንድ ቤት እየኖሩ ያላዩት ስለዚህ ነው። ሰው እንዳያዝንላቸው ደብቀውት ኖሩ፤ በኩራት የሚራመዱ የሚመስሏችሁ መንገዱ ስለማይታያቸው ቀስ ስለሚሉ ነው፣ ዛሬም እዚህ የቆማችሁትን የሚለዩት በሳላችሁ ነው። ‘በሰው ሰሌን ላይ ከምወድቅ አፈር ልብላ’ ሲሉ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ብለው ነበር። አሁን አይሉም።

አቶ ወልደ ሚካኤል ለቀብሩ መጥተዋልና ይህን እየሰሙ ነው። ይስሙ፤ ለመሐንዲሱም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይተርጉሙለት። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ሲመጣ በሰሌኑ ጫፍ፣ እህታቸው በተቀመጡበት ቦታ፣ ወይዘሮ ወይንሀረግን ተቀምጠው ያገኛቸዋል። በመብራት ይይ፣ በመርፌ ይይ፣ እንደፈለገ ይይ። ሲጨርስ ዐሥራ አምስት ብሎ ይጽፋል።

በትንሣኤው ወራት የጠራቸው ጌታ፣ ለሌላው ሰሌን ሲያነጥፉ ዕድሜያቸውን የፈጁትን ወይዘሮ ወለተሰንበትን በመንግሥቱ ደልዳላ ቦታ ይስጣቸው፤ ከዚያ የሚያስነሣቸው ቀያሽ አይምጣባቸው። አሜን።